የባቡሩ ፊልም መጨረሻ

ስልኩ ሲጮኽ ጦይባ በድሩ ጎንደር አዲስ ዓለም ካለው ቤቷ ግቢ አንሶላ እያሰጣች ነበር። የደወለችው ልጇ ፈህሚያ ናት። ፈህሚያ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ በሥራ ሰዓት ደውላ ስለማታውቅ የእናቲቱ ልብ ድንግጥ አለ።

«እማ፣ አገኘነው» አለች ፈህሚያ።

«ምኑን?»

«የባቡሩን ፊልም።»

እርጥቡ አንሶላ ከጦይባ እጅ ሾልኮ ጭቃው ላይ ተዘረጋ፤ ልብም አላለችው። ስልሳ ዓመት የሞላት፣ ሠላሳ ስድስቱን በነርስነት ያሳለፈች፣ ደም አይታ የማትደነግጥ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አለች። «እስኪ ድገሚው» ብቻ አለች።

ነገሩ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጦይባ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሐጂ በድሩ ቅዳሜ ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጅዎ ሲኒማ ቤት ትገባለች የሚላቸው ሰው ቢመጣ ከሱቃቸው ያስወጡት ነበር። በሁለት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ዐብዱልከሪም ግን የሕንድ ፊልም መጣ በተባለ ቁጥር አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። አይቶ ሲመለስም እየዘፈነ፣ እየወደቀ እየተነሣ፣ የጀግናውንም የክፉውንም ድርሻ ብቻውን እየሠራ ለእኅቱ ያሳያታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባታቸው በገበያተኛ ተከበው ቀና ማለት ባቃታቸው ሰዓት፣ የእናታቸውን ሻሽ እስከ ቅንድቧ አስጠምጥሞ ይዟት ሄደ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የሱፍ ፍሬ የሚፈለቅቅ፣ የሚያስል፣ ከኋላ ሆኖ «ባርኔጣህን አውልቅ» የሚል ሰው ሞልቶታል። መብራቱ ጠፍቶ ሸራው ላይ ብርሃን ሲወርድ ጦይባ የወንድሟን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ፊልሙ የሚናገረው በሕንድኛ ነው፤ ከሥር የሚነበብ ጽሑፍ የለውም። ተዋንያኑ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ቀጭን ሰው ብድግ አለና ጮክ ብሎ ያስረዳ ጀመር። ገብረ ኢየሱስ ይባላል፤ ልብስ ሰፊ ነው። ሕንድኛውን የተማረው በትምህርት ቤት ከሚያስተምሩ ሕንዶች ነው እየተባለ ይወራለታል። እሱ ከሌለ ተመልካቹ ስለሚያጉረመርም የሲኒማ ቤቱ ሰዎች ቲኬት አይጠይቁትም። ሴቲቱ ስታለቅስ በሴት ድምፅ፣ ሽማግሌው ሲቆጣ በሽማግሌ ድምፅ ነው የሚተረጉመው።

ታሪኩ ስለ አንዲት እናት ነበር። ሕፃን ልጇን ባቡር ውስጥ አስቀምጣ ውኃ ልትገዛ ስትወርድ ባቡሩ ይነሣል። ልጁ እዚያው ባቡሩ ውስጥ ቀረ። እናትየው ከጣቢያው ሳትለይ፣ አበባ በክር እየሰካች ለመንገደኛ እየሸጠች፣ ሃያ ዓመት የሚመጣውን ባቡር ሁሉ ትቀበላለች። ልጁ በሰው እጅ አድጎ ባቡር ነጂ ይሆናል። በየቀኑ በዚያ ጣቢያ ያልፋል፤ በየቀኑ ከእሷ አበባ ይገዛል። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ብዙ ሲያናግራት ገብረ ኢየሱስ «አበባው ተወዷል፣ ቀንሺልኝ እያላት ነው» ሲል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። «አልቀንስም፣ ከፈለግህ ውሰድ አለችው» ሲል ደግሞ ይባስ ተሳቀ። ጦይባ ግን አልሳቀችም። ልጅሽ እኮ ነው፣ እዪው፣ እዪው እያለች በሆዷ ትጮኻለች። በመጨረሻ ባቡሩ ጣቢያውን ሲለቅ እናትየው ቀና አለች፤ ወጣቱም በመስኮት ብቅ አለ፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

መብራት ጠፋ።

ግማሽ ሰዓት ያህል በጨለማ ውስጥ አጨበጨቡ፣ አፏጩ፣ ለመኑ። መብራቱ አልመጣም። ሰው ገብረ ኢየሱስን ከቦ መጨረሻውን ንገረን ቢለው፣ እሱም ገና ማየቱ እንደሆነ ነገራቸው፤ ነገ ኑ ተባለ። በማግስቱ ዐብዱልከሪም ሮጦ ሄዶ ሮጦ ተመለሰ። ፊልሙ በጠዋት ወደ ባሕር ዳር ተጭኗል። ዳግመኛም ጎንደር አልመጣም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይረሳው ነበር። ጦይባ አልረሳችም። የፊልሙን ስም እንኳ አታውቀውም፤ ያየ ሁሉ «የባቡሩ ፊልም» ነበር የሚለው። እናትየው አበባ ስትሰካ የምታንጎራጉራትን ዜማ ግን ይዛት ቀረች። ነርስ ሆና ሕፃናት ክፍል ስትመደብ፣ መርፌ ፈርቶ የሚንፈራገጥ ልጅ ሲያጋጥማት ያንን ታሪክ ትጀምርለታለች። ልጆች ያላለቀ ተረት አይወዱምና መጨረሻውን ራሷ ፈጠረችለት፤ እናትየው ትዘፍናለች፣ ልጁ ድምፅዋን ያውቅና ባቡሩን ያቆማል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ይጨፍራል። ታሪኩን ከአዲ አርቃይም፣ ከትክል ድንጋይም ለመጡ ልጆች ነግራለች። በተናገረችው ቁጥር ግን አንድ ነገር ከውስጥ ይቆረቁራታል፤ እውነት እንዴት ነበር ያለቀው?

ፈህሚያ ስታድግ እናቷን ከዚህ ፊልም ልታላቅቃት ብዙ ሞክራለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ በተለይ፣ ቅዳሜና እሑድ ላፕቶፗን ከቴሌቪዥኑ ጋር እያገናኘች አዲስ አዲሱን ታሳያታለች። ሕንጻ ይፈርሳል፣ መኪና ይበራል፣ ከሰማይ ሰው ይወርዳል። ጦይባ መነጽሯን አድርጋ በትዕግሥት ታያለች፤ ከዚያ ጥያቄ ትጀምራለች።

«ይኼ ሰውዬ መቼ ነው የሞተው?»

«አሁን ነዋ እማ፣ አላየሽም?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ መሆን አለበት።»

ክርክራቸው ማለቂያ የለውም። ፈህሚያ የድሮው ፊልም ይንዛዛል፣ አንድ ሰው ከበር እስከ ወንበር እስኪደርስ እንቅልፍ ይወስዳል ትላለች። እናቷ ደግሞ እሱን ነው የምወደው ትላታለች። ሰው ሲራመድ ካላየሁት ደክሞት ይሁን ከፍቶት ይሁን በምን አውቃለሁ? የእናንተ ፊልም ላይ ሴትዮዋ ልታለቅስ ስትል ሌላ ቦታ ይወስዱኛል፤ እኔ ደግሞ እዚያው ከሷ ጋር መቆየት እፈልጋለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አልጋ ዳር ቆሜ የሰው ፊት ስመለከት ኖሬአለሁ፤ ፊት ጊዜ ይፈልጋል። ፈህሚያ ይህን ስትሰማ ትስቅና ስልኳን መነካካት ትጀምራለች።

ያም ሆኖ አንድ ቀን፣ እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ያቺን ዜማ ስታንጎራጉር፣ ፈህሚያ ሳትነግራት በስልኳ ቀዳቻት። አብራት የምታስተምር አንዲት ሕንዳዊት የሒሳብ መምህርት አለች። ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ ቅጂውን ከፈተችላት። ሕንዳዊቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና ሰማች፤ ከዚያም የቀረውን ግጥም ራሷ ቀጠለችው። እናቷ ፀጉሯን ስታበጥራት የምትዘፍነው ነበር። የፊልሙንም ስም ታውቀዋለች። ፊልሙ በዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ሁለት ቀን ሙሉ እየተቋረጠ እየቀጠለ ወረደ። ፈህሚያ በሥራ ሰዓት የደወለችው ያን ጊዜ ነው።

ማታውኑ ፊልሙን የጫነችበትን ፍላሽ ይዛ ስትመጣ እናቷ እስክትቀመጥ እንኳ የማትታገሥ መስሏት ነበር። ጦይባ ግን ፍላሹን በመዳፏ ይዛ አገላብጣ አየችውና፣ በመሐረብ ቋጥራ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

«ዐርባ አምስት ዓመት ጠብቀሽ አሁን ምን ሆንሽ?» አለቻት ፈህሚያ።

«ብቻዬን አልነበርኩማ ያየሁት። ዐብዱልከሪም መምጣት አለበት። አያ ገብረ ኢየሱስም ካለ።»

ገብረ ኢየሱስ እንዳለ የሚያውቀው ዐብዱልከሪም ነው። ከአባቱ የወረሰውን ሱቅ ዛሬም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ስለሆነ፣ ልብስ ሰፊው ገበር ሊገዛ ሲመጣ ለዓመታት አስተናግዶታል። ዓይኑ ሲደክም የስፌት መኪናውን ሸጦ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንደገባና ከልጁ ጋር እንደሚኖር ነገራቸው። ስልክ የለውም። መንገዱ ደግሞ ያን ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ጦይባ በየጠዋቱ መናኸሪያ ሰው እየላከች ታስጠይቃለች። ለዘጠኝ ቀን መልሱ አንድ ዓይነት ነበር። በዐሥረኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሚኒባስ እየጫነ ነው ሲሏት፣ ምሳ ሠርታ እንዳላወጣች፣ ነጭ ሻሿን አስራ ወጣች። ዐብዱልከሪምም ሱቁን ዘግቶ ተከተላት። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚኒባሱ ላይ ሲወጣ ግን የሲኒማ ቤት በር የሚጋፋ ወጣት ይመስል ነበር።

ከኮሶዬ በኋላ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ወንድምና እኅት ተጠጋግተው ተቀምጠው ስለ ፊልሙ መጨረሻ ይከራከሩ ጀመር። ዐብዱልከሪም እናትየው ሐዲዱ ላይ ትገባለች፣ ትሞታለች ባይ ነው። ጦይባ ባቡሩ ይቆማል አለች። ከፊት የተቀመጠች፣ ዶሮ የያዘች ሴት ዞር ብላ የማን ልጅ እንደጠፋ ጠየቀቻቸው፤ ሲነግሯት እሷም ገባችበትና አምባ ጊዮርጊስ እስኪደርሱ ሚኒባሱ በሁለት ተከፈለ። ስትወርድ ሴትየዋ መጨረሻውን እንዲልኩባት የወንድሟን ልጅ ስልክ ቁጥር ሰጠቻቸው።

ገብረ ኢየሱስን ያገኙት ቤቱ ጓሮ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ወገቡ ጎብጧል እንጂ ቁመቱ አላጠረም። ዐብዱልከሪምን በድምፁ ለየው። ጦይባ የመጣችበትን ስትነግረው ዱላውን ፈለገ።

«ምነው ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ስታስቢው ኖርሽ?»

«ያሳሰቡኝስ እርስዎ ነዎት» አለች።

ሴት ልጁ ይመኙሽ፣ በዚህ ዕድሜው በዚህ መንገድ እንዳይሄድ ብላ ትንሽ ተከራከረች። ሽማግሌው ጋቢውን ደርቦ አውራ ጎዳናው ላይ ቀድሟቸው ወጣ።

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጦይባ ቤት ተሰበሰቡ። ለእንግዳው ጾሙ ታስቦ ሽሮና ድንች ቀርቦለት በላ። መጋረጃው ተዘጋ። ጦይባ ፍላሹን ከመሐረቡ ስትፈታ ፈህሚያ ተቀብላ ሰካችው። ሽማግሌው ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ወንድምና እኅት ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመጀመሪያው ፉጨት ተሰምቶ ጭስ የሚተፋው ባቡር ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲል ጦይባ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሁሉም ነገር እንዳለ ነበር። ቅርጫቱ፣ የጣቢያው ደወል፣ የቆመው የግድግዳ ሰዓት፤ እንዲያውም አእምሮዋ ከያዘው ይልቅ ያምር ነበር።

ይህኛው ቅጂ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ፈህሚያ እያነበበች በአማርኛ ትነግራቸው ጀመር። መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ብላ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፣ ስልኳ ሌላ ክፍል ሆኖ ሲጮኽም አልተነሣችም። ያ የታወቀ ቦታ ደረሰ። ወጣቱ ባቡር ነጂ አበባውን ተቀብሎ ጎንበስ አለ። ዐብዱልከሪም አስቀድሞ መሳቅ ጀመረ።

ፈህሚያ አነበበች። «ልጅ ነበረሽ ወይ? ይላታል።» ቀጥሎ የእናትየውን መልስ አነበበች። «ባቡር ወሰደብኝ። በግራ ጆሮው ሥር ጠባሳ ነበረው።»

ወጣቱ ቀስ ብሎ ቆቡን ወደ ግራ ጆሮው ሳበ።

ጦይባ የወንድሟን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ልጁ ያውቃል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል፤ በየቀኑ አበባ የሚገዛው ስለሚያውቅ ነው፤ እንዳይነግራት ደግሞ ያሳደገችው ሴት ቤት ውስጥ ታማ ተኝታለች። ይህን ሁሉ ዓመት ሁለቱም አያውቁም ብላ ስትናገር ኖራለች። ሁሉም ወደ ገብረ ኢየሱስ ዞሩ። ሽማግሌው በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፍኗል።

«በስተርጅና አልዋሽም» አለ። «እኔ የማውቀው ሕንድኛ ሃያ ቃል ቢሞላ ነው። እናት፣ ልጅ፣ ሂድ፣ ና፣ እግዜር። ሌላው ፊታቸውን እያየሁ ነበር። የዚያን ጊዜ ፊልም ፊት ያሳይ ነበር፤ ዓይኑን አይቶ አንጀቱን ማወቅ ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ልጁ ምን እንዳለ ጠፋኝ፤ ሕዝቡ እየጠበቀኝ ነው፤ አበባው ተወደደ አልኩ።»

ዐብዱልከሪም ፍራሹ ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ጦይባም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ፈህሚያ ብቻ አልሳቀችም፤ እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግታ ዝም በሉ አለቻቸው፤ ባቡሩ ጣቢያውን እየለቀቀ ነበር።

እናትየው ቀና አለች። ወጣቱ በመስኮት ብቅ አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጦይባ መብራት እንዳይጠፋ በልቧ ዱዓ ያዘች። መብራቱ አልጠፋም። ባቡሩም አልቆመም። እየራቀ፣ እያነሰ ሄደና ጭሱ ብቻ ቀረ። ሴትየዋ ቅርጫቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሙዚቃ የለም፤ ነፋስ ብቻ። ከዚያ በሐዲዱ ጫፍ፣ ሙቀቱ ከሚያንቀጠቅጠው አየር ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየች። ነጥቧ ሰው ሆነች። የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ወርዶ በእግሩ እየተመለሰ ነው። ካሜራው አልቸኮለም። ሲደናቀፍ፣ ቆቡን ሲያወልቅ፣ ላቡን ሲጠርግ፣ እስኪደርስ ድረስ ያንን ሁሉ መንገድ አብሮት ጠበቀ። ደርሶም ምንም አልተናገረም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ክር አነሣና አበባ መሰካት ጀመረ። እሷም ሳታየው ቅርጫቱን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።

አለቀ።

ገብረ ኢየሱስ የሲኒማ ቤቱ ሸራ ይመስል ቴሌቪዥኑን ሲያይ ቆየና፣ ያን ቀን መብራት ባይጠፋ እዚህ ላይ ምን ብሎ እንደሚተረጉም ግራ ይገባው እንደነበር ተናገረ። ፈህሚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ሐዲዱ ላይ ስንት ደቂቃ ተራመደ ብላ ወደ ኋላ መልሳ አየችው፤ አራት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አንድ ጊዜም አልሰለቸኝም አለች፣ ራሷንም የገረማት ይመስላል። ጦይባ ተነሥታ መጋረጃውን ከፈተችና ፀሐዩ ውስጥ ቆመች፤ ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ቦግ ብሎ ነበር። የራሴ መጨረሻ ጩኸት በዝቶበት ኖሯል አለች ቀስ ብላ። ዐብዱልከሪም ወዲያውኑ ዶሮ ለያዘችው ሴትዮ በወንድሟ ልጅ ስልክ ደወለላት፤ እሱም ጦይባም እንደተሸነፉ ነገራት።

መንገዱ በማግስቱ ስለተዘጋ ገብረ ኢየሱስ አምስት ቀን ቆየ። ወሬው ሰፈሩ ውስጥ ተዛመተ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጦይባ ሳሎን ሞላ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ የሚሉ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፣ ሕንዳዊቷ መምህርትም መጣች። ፈህሚያ ጽሑፉን ልታነብ ስትዘጋጅ ጎረቤቶቹ እምቢ አሉ፤ አያ ገብረ ኢየሱስ ይተርጉም አሉ። ጽሑፉ ጠፋ። ሽማግሌው ተነሥቶ ቆመ። እናትየው ስትናገር ድምፁን አቀጠነ፤ የጣቢያው አለቃ ሲቆጣ አጎረነነው። ፈህሚያ የእሱን አማርኛ በእንግሊዝኛ ለሕንዳዊቷ በጆሮዋ ስትነግራት፣ ሴትየዋ ከሳቅዋ ብዛት ወንበሯን ያዘች፤ ቋንቋዬ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር አለች። ሐዲዱ ላይ ያለው መንገድ ሲደርስ ግን እሱም ቁጭ ብሎ ከሰዉ ጋር አየ።

ሰው ሲበተን ሕንዳዊቷ፣ እናቷ ከዚህም አብልጣ የምትወደው ሌላ የድሮ ፊልም እንዳለ ለጦይባ ነገረቻት። አንድ መብራት ጠባቂ ያለበት፣ ጥቁርና ነጭ የሆነ። ብታገኘው እንደምታመጣላት፣ ግን ረጅም ስለሆነ እንዳይሰለቻት እንደምትፈራ ጨመረች።

«ምን ያህል ይረዝማል?» አለች ጦይባ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል» ብላ ፈህሚያ ተረጎመች።

ጦይባ ወንድሟን አየችው፤ ዐብዱልከሪም የትኛውን ቀን ሱቁን እንደሚዘጋ በጣቱ እያሰላ ነበር።